ከአምስት ስንት አመጣሁ?

ስለ አክስቴ ሕመም «ቆሽቷ ነው» ስላቸው የዘመዶቼ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን አናዷት ነው?» የሚል ነበር።

አልፈርድባቸውም። እኛ ዘንድ ቆሽት የሚታወቀው በንዴት ነው። ልጇ ያስቸገራት እናት «ቆሽቴን አሳረረው» ትላለች። ኪራይ የተጨመረበት ሰው ቆሽቱ እርር ድብን ይላል። ከጨጓራ ኋላ ተጋድሞ ቀኑን ሙሉ የምግብ መፍጫ ሲያመነጭ የሚውል፣ ራሱን ችሎም የሚታመም አካል መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ላቦራቶሪ ውስጥ እየሠራሁ፣ የአክስቴን ደም በእጄ እስክመረምር ድረስ ያን ያህል አላሰብኩበትም።

አባባሉ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ሃንስ ኪያሪ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ፕራግ ውስጥ ሆኖ፣ ቆሽት ሲቆጣ፣ ማለትም ታሞ ሲያብጥ፣ ራሱን በራሱ እንደሚፈጭ ጻፈ። ሥጋና ስብ እንዲያቀልጥ የተሠራው ኢንዛይም አንጀት እስኪደርስ መጠበቅ ሲገባው፣ እዚያው በተመረተበት ቤት ይነቃና ቤቱን ይበላል። እናቶቻችን «አረረ» ያሉት ይህን አይተው አይደለም። ቃሉ ግን ልክ ገብቷል።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ 2016 ነው። ሐዋሳን በሐምሌ ገብርኤል ሰሞን ያየ ሰው ያውቃታል። ከየአገሩ እንግዳ ይጎርፋል። አልጋ አይገኝም። ባጃጁ ከልኩ በላይ ይጭናል። የእቴቴ ቤት ደግሞ ያን ሰሞን ግማሽ ሆቴል ነው። እቴቴ የምንላት አክስቴን ነው፤ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚያርፈው። ማክሰኞ ማታ፣ ገብርኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅቤ የጠገበ ክትፎ ሠርታ እንግዶቿን አበላች። ራሷም ቀማመሰች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

ጎረቤት «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ ታሸላት። ረቡዕ ጠዋት ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደች። «ጨጓራ ነው» ተባለች፤ መርፌ ተወጋች፣ ኦሜፕራዞል ይዛ ተመለሰች። እዚህ አገር ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ረቡዕ ማታ ሕመሙ ወደ ጀርባዋ ዞረ። ማስመለሱ አልቆም አለ። ስትጋደም ይብስባታል፤ ጉልበቷን አቅፋ ወደ ፊት ስታጎነብስ ትንሽ ይሻላታል። ያን ጊዜ ነው ሆስፒታል ይዘናት የሮጥነው።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ሪሳይደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም፣ ሆዷን ነካ ነካ አደረገች፣ አጎነባበሷን አየች፣ «ላይፔዝ ያስፈልገኛል» አለች። ላይፔዝ ቆሽት የሚሠራው ኢንዛይም ነው፤ ቆሽት ሲጎዳ ደም ውስጥ ይበዛል። ከላቦራቶሪው የመጣው መልስ የለመድነው ነው። «ሪኤጀንት አልቋል።» የመመርመሪያው ኬሚካል ማለት ነው። እኔ የምሠራበት የግል ላቦራቶሪ ግን ነበረው። ናሙናውን ተቀብዬ በባጃጅ ወጣሁ።

ማሽኑ መጀመሪያ ቁጥር አልሰጠኝም። ከሚያነበው በላይ ሆነበት። ሲረሙን፣ ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ፣ አቅጥኜ ደገምኩት። 1,460። በእኛ ማሽን የጤነኛ ሰው ጣሪያ 60 ነው። ለምርመራው የሚፈለገው የጣሪያው ሦስት እጥፍ ብቻ ነው። ሕመሙ ዓይነተኛ ከሆነና ላይፔዙ ሦስት እጥፉን ካለፈ የቆሽት ቁጣ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው፤ ለዚያ ሲቲ ስካን አያስፈልግም። እግረ መንገዴን ስለ ኩላሊት የሚናገሩትን ዩሪያውንና ክሪያቲኒኑን፣ የደም ቆጠራውንም ሠራሁ።

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሃያ አራት እጥፍ! ሪሳይደንቷ ቁጥሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ ቆሽት ነው። አሁን ይሄን ቁጥር እርሳው።»

እንዴት ነው የምረሳው? እኔ እኮ እንጀራዬ ቁጥር ነው። በመስኮት ውጤት የሚወስድ ሰው ሁሉ «ስንት ሆነ? በጣም በዝቷል?» ነው የሚለኝ። ላይፔዝ ግን የእድር ጡሩምባ ነው። ሲነፋ ሞት እንዳለ ታውቃለህ። ጠንክሮ ስለተነፋ ሟቹ አይበዛም። በ300 ላይፔዝ የገባ ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊተኛ ይችላል። 5,000 የነበረው በአራተኛው ቀን በእግሩ ሄዶ ባጃጅ ይይዛል።

ታዲያ ማን እንደሚከብድበት በምን ይታወቃል? ከአምስት ታማሚ አራቱ ገደማ በፈሳሽና በማስታገሻ በሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። ጭንቀቱ አምስተኛው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ደግሞ አምስቱም አንድ ይመስላሉ። ሁሉም ያቃስታል፣ ሁሉም ያስመልሳል። ሐኪሞች ሃምሳ ዓመት ሙሉ ነጥብ ሲያወጡና ሲያሻሽሉ የኖሩት ያንን አምስተኛ ሰው ቀድመው ለማግኘት ነው።

የነጥቦቹ አባት የራንሰን ነው። ጆን ራንሰን በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር የ100 ታማሚዎችን መዝገብ ዘርግቶ 43 መለኪያ ፈተሸ፤ 11 መረጠ። አምስቱ ታማሚው ሲገባ የሚታዩ ናቸው፤ ዕድሜ፣ ነጭ የደም ሴል፣ ስኳር፣ ኤልዲኤችና ኤኤስቲ የሚባሉ ሁለት ኢንዛይሞች። ስድስቱ ደግሞ 48 ሰዓት ጠብቀህ ነው የምትሞላቸው፤ ካልሲየሙ ወረደ ወይ፣ ኦክስጅኑ አነሰ ወይ፣ ከስድስት ሊትር በላይ ፈሳሽ ሰውነት ውስጥ ሰርጎ ቀረ ወይ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሦስትና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ያሰጋል። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ይህችን ዓመት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ራንሰንን እዚህ ልሙላው ብትል ጣጣው ብዙ ነው። ኦክስጅኑ ከደም ቅዳ በተወሰደ ደም የሚለካ ነው። እኛ ያ ማሽን የለንም። መስመሩ 60 ነው፤ የተሠመረውም በባሕር ጠረፍ ላይ ባለችው ኒው ዮርክ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ጤነኛው ሰው ራሱ በደሙ የሚይዘው ኦክስጅን ከኒው ዮርኩ ያንሳል።

ኤልዲኤች ደግሞ የኔ ቁስል ነው። ይህ ኢንዛይም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሞልቷል። ሴሉ ሲፈነዳ ወደ ሲረሙ ይፈስሳል። በቀጭን መርፌ ተጎትቶ የተቀዳ፣ ከዚያም በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የመጣ ናሙና ምን እንደሚሆን ገምቱት። ከሴንትሪፊዩጅ ስናወጣው ሲረሙ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ካርካዴ ሻይ ይመስላል። እንዲህ ያለውን እንመልሳለን። «ደግማችሁ ቅዱ» እንላለን። ሰውም ቆሽቱ ያርራል። ሳይታይ ካለፈ ግን ታማሚው ያላመጣውን ነጥብ ባጃጁ ያመጣለታል።

በዚያ ላይ የራንሰን የመጀመሪያ ታማሚዎች አብዛኞቹ ቆሽታቸውን መጠጥ የጎዳው ሰዎች ነበሩ። ለሐሞት ጠጠር በኋላ የተለየ ዝርዝር ተሠርቶለታል። እቴቴ የምትጠጣው ቡና ብቻ ነው። አልትራሳውንዱ ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠሮች አሳየ። ከነዚያ አንዷ ሾልካ ወርዳ የቆሽቱን መውጫ ዘግታለች። ቅቤው ሐሞት ከረጢቱን አነሣሥቶት ይሆናል፤ ጠጠሮቹ ግን ከክትፎው በፊት እዚያው ነበሩ።

አፓቼ ሁለት የሚባልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የተሠራ ነው፤ 12 የሰውነት መለኪያ ላይ ዕድሜና የቆየ ሕመም ይደመርበታል። ጥሩ ነው ይላሉ። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ለተሟላለት ሰው።

ሪሳይደንቷ የምትጠቀመው ቢሳፕን ነው። አምስት ጥያቄ ብቻ። ቢዩኤን የሚባለው የደም ልኬት ከ25 በላይ ነው? አእምሮዋ ተዛብቷል? ከትኩሳት፣ ከልብ ምት፣ ከትንፋሽና ከነጭ ሴል ቢያንስ ሁለቱ ከልክ ወጥተዋል? ዕድሜዋ ከ60 አልፏል? ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል? ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ይሞላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከ17,992 ታማሚዎች መዝገብ ተቀምሞ፣ በሌላ 18,256 ላይ ተፈተነ፤ ሁሉም አሜሪካ የታከሙ ናቸው። ዜሮ ካመጡት መካከል የሞቱት ከመቶ አንድ አይሞሉም። አምስት ካመጡት ከመቶ ከ20 በላይ ሞተዋል። ራጅ፣ ዩሪያና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ላለው ሐኪም የሚሞላ ነገር ነው።

ኢንተርኑ፣ ተለማማጁ ሐኪም፣ የካርዱ ጠርዝ ላይ «2/5» ብሎ ጻፈ። እቴቴ አየችው። ከንፈሯ ደርቆ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ወደኔ ዞረች።

«ከአምስት ሁለት? ወድቄያለሁ በለኛ!»

«እዚህ ፈተና ላይ ዜሮ ያመጣ ነው አንደኛ የሚወጣው፣ እቴቴ።»

«እኔ በተማርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የት ነበር» አለችና ተመልሳ አጎነበሰች።

ያቺ ሁለት ከየት እንደመጣች ግን ላሳያችሁ።

አንዱ ነጥብ የልብ ምቷና ትንፋሿ ነው፤ 112 እና 24። ትክክል ነው። ሌላው ዩሪያዋ ነው። የኔ ወረቀት 48 ይላል። ኢንተርኑ 48ን አየ፣ ከ25 ይበልጣል፣ አንድ ነጥብ። ይሄ ስሕተት ነው። የእኛ ማሽን የሚያወጣው ዩሪያን ነው። አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት ዩሪያው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ቢዩኤን የሚሉት እሱን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ለ2.14 ማካፈል አለብህ። 48 ሲካፈል 22 ገደማ ይሆናል። ነጥብ የለውም። ይህን ስንት ጊዜ በመስኮቱ ለሐኪም አስረድቼአለሁ መሰላችሁ!

ዕድሜ ላይ ደግሞ ዜሮ ሰጥቷታል። ካርዱ 58 ይላላ። ካርዱ ከመታወቂያዋ ተገለበጠ፣ መታወቂያው ከቀድሞው መታወቂያ ተገለበጠ፣ የቀድሞው ደግሞ ያን ዕለት እሷ ደስ ካላት ቁጥር። እኔ ግን አንድ ታሪኳን በቃሌ አውቃለሁ፤ በየበዓሉ ትደግመዋለች። ንጉሡ ሲወርዱ አራተኛ ክፍል ነበረች። መምህራቸው ፎቷቸውን ከግድግዳ አወረዱት፤ ሚስማሩ ግን እዚያው ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹ ሚስማሩን እያዩ ተማሩ።

ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። በፈረንጅ 1974። ራንሰን ኒው ዮርክ ውስጥ ነጥቡን ባሳተመበት ዓመት እቴቴ ባዶ ሚስማር እያየች አራተኛ ክፍል ተቀምጣ ነበር። ያኔ ብታንስ 11 ዓመቷ ነው፤ ትምህርት የጀመረችው ደግሞ ዘግይታ ነው። ሃምሳ ዓመት ጨምሩበት። 58 ከየት ይመጣል?

ለኢንተርኑ ነገርኩት። የዩሪያውን ነጥብ ሰረዘ፣ የዕድሜውን ጨመረ። ያው ሁለት! ሁለት ስሕተት ተደጋግፎ ልክ መልስ ሰጥቶ ኖሯል። ሳቅን። ከዚያ ግን ደነገጥኩ። የሚደግፈው ሌላ ስሕተት ያላገኘ ስሕተት በስንት ካርድ ላይ ተጽፎ ይሆን?

ሰዓቱም አለ። እቴቴ «ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረኝ» ብላለች። ካርዱ ላይ የተጻፈው «02:00» ነው። ቀጥሎ የሚያነበው ሐኪም ረቡዕ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ይወስደዋል። ስድስት ሰዓት በሰው እጅ ጠፋ። በ24 እና በ48 ሰዓት በሚመዘን በሽታ ስድስት ሰዓት ቀላል አይደለም። ደግሞስ 48 ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል? ራንሰን የሚቆጥረው ሆስፒታል ከገባህበት ነው። ኒው ዮርክ ላይ ምናልባት ሁለቱ ይቀራረባሉ። እኛ ዘንድ ግን አንድ ቀን ለዳማከሴ፣ አንድ ቀን ለኦሜፕራዞል ይሄዳል። ሰውየው አልጋ ሲይዝ የበሽታው 48 ሰዓት አልቋል።

ሐሙስ ጠዋት ሪሳይደንቷ መጣች። አእምሮዋን ልትፈትን ነው።

«እማማ፣ አሁን የት እንዳሉ ያውቃሉ?»

«ሆስፒታል ነኛ! አንቺስ የት ያለሽ መስሎሽ ነው?»

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ነገ ገብርኤል አይደል እንዴ።»

ሪሳይደንቷ ፕሮቴስታንት ናት። ስልኳን አወጣች። ስልኩ 25 ይላል፤ የፈረንጅ ነው። አንዴ እቴቴን፣ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አየች። ቀኑ የጠፋት የትኛዋ እንደሆነች ለጊዜው አጠራጠረኝ። «ገብርኤል 19 ነው» አልኳት። በጣቷ አንድ ቀነሰች። «አስራ ስምንት። ዜሮ ነጥብ» አለች ፈገግ ብላ።

ሐሙስ ማታ ነው እኔ ያጠፋሁት።

አዲስ ናሙና ይዤ ሄጄ ሠራሁ። ላይፔዙ 690 ገብቷል። ከ1,460! ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ጋ ደወልኩ። «ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈላት» አልኩ። እሷ ለወንድሟ ደወለች። ወንድሟ ለሻሸመኔዎቹ። እኔ ሆስፒታል ሳልደርስ የእቴቴ ቤት እንግዳ ሁሉ እልል ብሎ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ሌሎች ቁጥሮችም ነበሩ። እኔው ነኝ ያተምኩት። ዩሪያ 71። ክሪያቲኒን 2። ሄማቶክሪት፣ ማለትም የቀይ ሴሉ ድርሻ ከደሙ፣ ከመቶ 48፤ ደሟ ውሃው እየሸሸ ወፍሯል። ሪሳይደንቷ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። 71 ለ2.14 ሲካፈል 33። አንድ ነጥብ ተጨመረ። ሦስት።

«ላይፔዙ እኮ ወረደ» አልኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ላይፔዝ ሁልጊዜ ይወርዳል። የሚሞትም ሰው ላይ ይወርዳል። ኩላሊቷን ተመልከት።»

ቁጥር ማውጣት የአሥር ዓመት ሥራዬ ነው። ቁጥር ማንበብ ሌላ ሥራ መሆኑን ያን ማታ ነው ያወቅሁት። ከሁሉ የከበደኝ ግን መልሼ መደወሉ ነበር። «ኧረ ገና ነው፣ ኩላሊቷ ደክሟል» ስላት የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ያን ሌሊት አንድ ነገር ጠየቅኋት ሪሳይደንቷን። ነጥቡ እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ለምን ትደክሚበታለሽ? ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው የተኙትን አስታማሚዎች እየተሻገረች ነበር የመለሰችልኝ። «ዛሬ የማድረው ከስንት ታማሚ ጋር ነው? ሁሉ ጋ በየሰዓቱ መመለስ አልችልም። ሦስት የተጻፈበት ካርድ ጋ ግን እመለሳለሁ።»

ተመለሰችም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መጣች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። የምታየው ደግሞ ማሽን አይፈልግም። ትንፋሿን በሰዓቷ ትቆጥራለች። ሽንቷን ታያለች። የሽንት ከረጢቱ መስመሩ ደብዝዞ ስለነበር አጎቴ በሃይላንድ ነው የሚለካው። ሪሳይደንቷ ፕላስቲኩ ላይ በማርከር መስመር አሠመረችለት። «እዚህ ካልደረሰ ቀስቅሱኝ።» አጎቴ ዓይኑን ከመስመሩ ላይ ሳይነቅል አደረ።

ሌላ ጉድም ነበር። እዚህ በክንድ የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ስሙ ግሉኮስ ነው። የተሰቀለው ሪንገር የሚባል የጨው ፈሳሽ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ግሉኮስ ነው፣ ግሉኮስ ደግሞ ጉልበት ነው። ከመጡት እንግዶች አንዱ «ይሄማ በጣም ይንቀራፈፋል» ብሎ መቆጣጠሪያውን ላላ አደረገው። ነርሷ ደርሳ ባታጠብቀው ኖሮ ሙሉው ሊትር ሊወርድ ነበር። ተቆጣች፤ እውነቷን ነው። ድሮ ድሮ ሐኪሞቹም የሚያስቡት እንደ እንግዳችን ነበር፤ ለቆሽት ፈሳሽ በገፍ ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት 249 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ በኃይል፣ ለግማሾቹ በልክ ሪንገር ሰጠ። በኃይል ከተሰጣቸው ከመቶ 20.5 የሚሆኑት ፈሳሽ በዛባቸው፤ በልክ ከተሰጣቸው 6.3 ብቻ። በሽታው ደግሞ በዚያ አልቀለለላቸውም። ጥናቱ ከጊዜው በፊት ነው የተቋረጠው።

ዘመድ ተሰብስቦ ብር አዋጥቶ «ሲቲ ስካን ትነሳ» ማለቱም አልቀረም። ሪሳይደንቷ እንቢ አለች። ቆሽት ውስጥ የሞተ ሥጋ ካለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ላይታይ ይችላል። ዛሬ ብትነሳ «ደህና ነው» ይልና ያዘናጋናል አለች። አጎቴ አልገባውም። ብር ይዞ መጥቶ «አትክፈል» የሚለው ሐኪም ገጥሞት አያውቅማ!

አርብ ገብርኤል ነበር። ዝናቡ አባርቶ የመዝሙሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እቴቴ ተኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሽንቱ የማርከሩን መስመር አለፈ። ዩሪያዋ 64፣ ክሪያቲኒኗ 1.6። ቅዳሜ ጠዋት 1.1። ሄማቶክሪቷ 41። ቀጭን አጥሚት ተፈቀደላት። ድሮ ለቀናት ምንም አይቀመስም ነበር፤ አሁን ሆዱ ከቻለ ቶሎ መብላቱ ይሻላል ይላሉ። ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «ጨው የለውም» አለች። ያኔ አመንኩ።

እ.ኤ.አ. በ2012 በተሻሻለው አከፋፈል በሽታው ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ተብሎ ይለያል። ትልቁ ድንበር 48 ሰዓት ነው። ኩላሊት፣ ሳንባ ወይም የደም ዝውውር ደክሞ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ከባድ ነው። ከዚያ በፊት ካገገመ መካከለኛ። እቴቴ ለጥቂት መካከለኛ ናት።

እዚህ ላይ የሚበላኝ ነገር አለ። ነጥቧ ሦስት ነበር፤ ዳነች። ነጥቡ ተሳሳተ? ወይስ ሦስት ስለተጻፈ ሪሳይደንቷ ሌሊት ሁለቴ ስለመጣች፣ መስመር ስለሠመረች ነው የዳነችው? መለየት አይቻልም። የነጥቦቹን ብቃት ያወዳደሩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። አንዱም ሌላውን ጥሎት አልሄደም። ሁሉም «ይህ ሰው አይከብድበትም» ሲሉ ይሻላሉ፤ «ይከብድበታል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ይስታሉ። ለዚህ ነው እኔ አሁን አሁን ጀርመኖቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡትን የወደድኩት። ጥያቄው ተገላቢጦሽ ነው፤ ማን ይከብድበታል ሳይሆን ማን አይከብድበትም። ሆዱ ሲነካ አልደነደነም? ሄማቶክሪቱ ከፍ አላለም? ክሪያቲኒኑ ደህና ነው? ሦስቱም ደህና ከሆኑ ማለት ይቻላል አይከብድበትም። አንድ ጥያቄ ለእጅ፣ ሁለት ጥያቄ ለኔ ማሽን። የሄማቶክሪቱ ድንበር ለሴት 39.6 ነው፤ እሱም ቆላ ጀርመን ላይ የተሠመረ ነውና ከፍታ ላይ ለምንኖረው ሊጠብብን ይችላል። እቴቴ በሱም ዜሮ አታመጣም ነበር።

በሥራ ቦታዬ አንድ ነገር ቀይሬአለሁ። ዩሪያ ሳትም ከሥሩ በእጄ «ቢዩኤን» ብዬ ሁለተኛውን ቁጥር እጽፋለሁ። አለቃዬ «ማን ጠየቀህ?» ይለኛል። ማንም።

ሐሞት ከረጢቷ የወጣው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ ቁጣው ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ተጠበቀ። የገባች ዕለት ጠዋት ካርድ የምትሞላዋ ነርስ እስክሪብቶ አንሥታ «እናቴ፣ ዕድሜ?» አለቻት።

«58።»

«እቴቴ!» አልኩ። «ኧረ ስለ ሚስማሩ!»

ወደኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። በጣቷ የካርዱን ወረቀት ነካ ነካ አደረገችላት።

«እሱን አትስሚው ልጄ፤ እሱ ነጥብ ሊያስጨምርብኝ ነው። 58 ብለሽ ጻፊ።»